ሃቫና፦ የአሮጌውን ከተማ ታሪካዊ ስፍራዎች ከየት ጀምሮ ማየት ይሻላል?

ሰናይት_ዘቨርጂኒያ፦
ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ተሳታፊዎች። በጥር ወር ከአባቴ ጋር ወደ ሃቫና ለመሄድ በዝግጅት ላይ ነን። ሁለታችንንም የባሕር ዳርቻ መዝናኛ አያጓጓንም፤ የምንሄደው የአሮጌውን ከተማ ምሽጎች፣ አደባባዮችና አብያተ ክርስቲያናት ለማየት ነው። የጉዞ መጻሕፍትን ሳገላብጥ ግን አብዛኞቹ ከካቴድራሉ አደባባይ ይጀምሩና በአራቱ አደባባዮች አዙረው፣ ምሽጎቹን «ጊዜ ከተረፈ» ብለው መጨረሻ ላይ ያስቀምጧቸዋል። ይህ አካሄድ ትክክል ነው ትላላችሁ? ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ እድሳቱ ነው። የታደሱት አደባባዮች ለቱሪስት ተብለው ቀለም የተቀቡ መድረኮች ናቸው የሚል አስተያየት ደጋግሜ ስላነበብሁ፣ ቦታውን የምታውቁ ሰዎች ያያችሁትን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል። አባቴ ሰባ ዓመት ያለፈውና ጉልበቱን የሚያመው ሰው ስለሆነ፣ ደረጃ የሚበዛባቸውን ቦታዎች ብትጠቁሙኝም አመሰግናለሁ።

መልሕቅ፦
ሰላም ለእርስዎ፣ እህት ሰናይት። በእኔ እምነት የመጻሕፍቱ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። ሃቫና ወደቧ የፈጠራት ከተማ ስለሆነች፣ ጉብኝቱን ከውኃው ያልጀመረ ሰው አደባባዮቹን የሚያማምሩ ሕንፃዎች ስብስብ አድርጎ ብቻ አይቶ ይመለሳል። የወደቡን መግቢያ ልብ ብለው ይመልከቱት። ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ግን ብዙ መርከብ የሚይዝ ሰፊና ጸጥ ያለ ውኃ ያገኛሉ። ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ከሜክሲኮና ከደቡብ አሜሪካ ብርና ወርቅ ጭነው የሚመጡት የስፔን መርከቦች በዚህ ወደብ ይሰባሰቡ፣ ይጠገኑና ስንቅ ይይዙ ነበር፤ ከዚያም በአንድነት ታጅበው ውቅያኖሱን ያቋርጣሉ። ሀብት ባለበት ወንበዴ አይጠፋምና በ1555 ዣክ ደ ሶር የሚባል ፈረንሳዊ የባሕር ወንበዴ ከተማዋን ይዞ አቃጠላት። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ዛሬ የምናየው ሁሉ ከዚያ ቃጠሎ በኋላ የመጣ ነው። በ1558 የተጀመረውና በ1577 የተጠናቀቀው ሬያል ፉዌርሳ የተባለው ምሽግ በአርማስ አደባባይ አጠገብ፣ በውኃ ጉድጓድ ተከብቦ ቆሟል። በማማው ጫፍ ላይ ሂራልዲያ የምትባል የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚ የነሐስ ሴት አለች፤ ዋናዋ ወደ ሙዚየሙ ገብታ ላይ የሚታየው ቅጂዋ ነው። የዚህ ምሽግ ጉድለት ወደ ውስጥ በጣም የገባ መሆኑ ነበር፤ ጠላትን የሚያገኘው መተላለፊያውን አልፎ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ በ1589 ባውቲስታ አንቶኔሊ የተባለ ጣሊያናዊ የጦር መሐንዲስ በመግቢያው ግራና ቀኝ ሁለት ምሽጎችን ማሠራት ጀመረ። በምሥራቅ ቋጥኙ ላይ ያለው ኤል ሞሮ፣ በምዕራብ ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ደግሞ ላ ፑንታ ነው። በሁለቱ መካከል ሰንሰለት ይዘረጋ ስለነበር ወደቡ እንደ ቤት በር ይቆለፍ ነበር ማለት ይቻላል። ድንጋዩን የፈለጡትና የተሸከሙት በአብዛኛው ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች መሆናቸውን አስጎብኚዎቹ ሁልጊዜ አይነግሩዎትምና እርስዎ ይጠይቁ።

ቀጥሎ የሚመጣው የ1762 ታሪክ ነው፤ ለእኔ የመላው ጉብኝት ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። እንግሊዞች በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ በግዙፍ መርከቦች መጥተው በመተላለፊያው ለመግባት አልሞከሩም፤ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ኮሂማር አካባቢ ወታደር አራገፉና ከኤል ሞሮ ጀርባ ያለውን፣ ማንም ምሽግ ያልሠራበትን የካባኛ ኮረብታ ያዙ። ከዚያ ሆነው ምሽጉን ከደበደቡ በኋላ ከግድግዳው ሥር ፈንጂ ቀብረው ሐምሌ ማብቂያ ላይ ሰብረው ገቡ። አዛዡ ሉዊስ ደ ቬላስኮ በውጊያው ቆስሎ ሞተ፤ ከተማዋም ብዙም ሳትቆይ እጅ ሰጠች። ከእንግሊዝ ወታደሮች ግን በጥይት ከሞተው ይልቅ በቢጫ ወባና በሌላ በሽታ ያለቀው ይበልጣል። በቀጣዩ ዓመት በፓሪስ ስምምነት ስፔን ፍሎሪዳን ሰጥታ ሃቫናን መልሳ ወሰደች፤ ወዲያውም በዚያው ኮረብታ ላይ ሳን ካርሎስ ደ ላ ካባኛ የተባለውን ምሽግ ጀመረች። በ1774 ሲያልቅ በአሜሪካ አህጉር ስፔን ካሠራቻቸው ምሽጎች ትልቁ ሆነ። ንጉሥ ካርሎስ ሦስተኛ ወጪውን ሲሰማ «ይህን ያህል ገንዘብ ከበላ ከማድሪድም መታየት አለበት» ብሎ መነጽር አስመጣ እየተባለ ይቀለድበታል።

ስለዚህ ምክሬ በመጀመሪያው ጠዋት ወደ ኤል ሞሮ ተሻግራችሁ ከተማዋን ከዚያ ማዶ እንድታዩ ነው። አደባባዮቹ የት የት እንደሆኑና ለምን እዚያ እንደሆኑ ከዚያ በግልጽ ይታያል። ለአባትዎ የሚከብደው በ1845 የተሠራው የመርከብ መብራት ማማ ደረጃ ነው፤ እርሱን ቢዘሉት የሚቀርባቸው ነገር ጥቂት ነው።

ኢስላ_71፦
ልጄ ሰናይት፣ እንኳን ለዚህ ጉዞ አበቃሽ። እኔ ኩባ የሄድሁት በልጅነቴ በ1971 ዓ.ም. (የራሳችን አቆጣጠር ነው) ነበር። ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ አባቶቻቸው በጦር ሜዳ የወደቁ ልጆችን ጨምሮ በብዙ ሺህ የምንቆጠር ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የወጣቶች ደሴት ወደምትባለው የኩባ ደሴት፣ ወደ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ተወስደን፣ ግማሽ ቀን እየተማርን ግማሽ ቀን በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ ላይ እየሠራን አድገናል። ሃቫናን በደንብ ያወቅኋት በኋላ ለከፍተኛ ትምህርት ስገባ ነው። ወንድማችን መልሕቅ ስለ ምሽጎቹ የጻፈው ትክክል ነው፤ ሆኖም ካባኛን በቀን አይተሽ እንዳትጨርሺው።

በየምሽቱ ልክ 3 ሰዓት ሲሆን ከካባኛ መድፍ ይተኮሳል። ሃቫና ከ1674 ጀምሮ ዙሪያዋን በግንብ መታጠር የጀመረች ከተማ ነበረች፤ ግንቡም የተጠናቀቀው 1797 ላይ ነው። መድፉ የከተማዋ በሮችና የወደቡ ሰንሰለት መዘጋታቸውን የሚያስታውቅ ምልክት ነበር። ግንቡ ከ1863 ጀምሮ ፈርሶ ከተማዋ ወደ ውጭ ተስፋፋች፤ መድፉ ግን እስከ ዛሬ ይተኮሳል። የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ልብስና ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ ያደረጉ ወጣቶች ችቦ ይዘው ይወጣሉ፣ አንዱ በዜማ እየጮኸ ትእዛዙን ያሰማል፣ ከዚያ ክብሪቱ ይለኮሳል። ከተማ ውስጥ ያለው ሰው ድምፁን ሲሰማ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ እኛም ተማሪዎች ሳለን እንዲሁ እናደርግ ነበር። ትርኢቱ ለቱሪስት ነው የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ኩባውያን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ ታያላችሁ። ይህ ምሽግ ከ1959ኙ አብዮት በኋላ የቼ ጉቬራ ዋና መምሪያ እንደነበረና የቀድሞው መንግሥት ሰዎች እንደተረሸኑበትም መታወቅ አለበት፤ አንዱን ታሪክ ብቻ ይዞ መመለስ አይገባም።

ከግንቡ የተረፈ ቁራጭ ማየት ብትፈልጉ በማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ አጠገብ አለ። ከዚያው ጥቂት ራመድ ብሎ የኩባ የነጻነት ትግል መሪና ገጣሚ ሆሴ ማርቲ በ1853 የተወለደበት ቤት ይገኛል፤ ቢጫ ግድግዳና ሰማያዊ መስኮት ያለው ትንሽ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ከአብዮት አደባባዩ የ109 ሜትር መታሰቢያ ይልቅ ሰውየውን የምታውቁት በዚህች ቤት ውስጥ ነው።

ካብና_ኖራ፦
በሙያዬ የሕንፃ ባለሙያ ስለሆንሁ ስለ አደባባዮቹ ትንሽ ልጨምር። ከምሽጎቹ መጀመር ይሻላል በሚለው እስማማለሁ፤ አደባባዮቹን ግን ከርቀት አይቶ ማለፍ በደል ነው።

የካቴድራሉ አደባባይ በጥንት ጊዜ የረግረግ አደባባይ ይባል ነበር፤ የዝናብ ውኃ ወርዶ የሚተኛበት ዝቅተኛ ስፍራ ነበርና። በ1592 የተጠናቀቀውና ከአልሜንዳሬስ ወንዝ ውኃ ያመጣው ሳንሃ ሬያል የተባለው ቦይ ያበቃው እዚሁ ነው፤ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ባለችው መውጫ የሌላት ጠባብ ጎዳና ግድግዳ ላይ ይህን የሚገልጽ የድንጋይ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ካቴድራሉን በ1748 ጀምረውት፣ በ1767 ከስፔን ግዛት ሁሉ ሲባረሩ ሳይጨርሱት ቀርተው፣ በሌሎች እጅ በ1777 ተፈጸመ። ሁለቱ ማማዎች እኩል አይደሉም፤ አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ነው። ወደ ግድግዳው ቀረብ ብላችሁ በጣታችሁ ዳስሱት። ከባሕር ከተፈለጠ የኖራ ድንጋይ የተሠራ ስለሆነ በድንጋዩ ውስጥ የዛጎልና የኮራል ቅሪት በግልጽ ይታያል። ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው እያንዳንዱ ጉድጓድ ጥላ ይጥላል፤ ቀትር ላይ ግን ይህ ሁሉ ይጠፋል።

በአርማስ አደባባይ ያለው የጠቅላይ ገዥዎች ቤተ መንግሥት (ከ1776 እስከ 1791 የተሠራ፣ አሁን የከተማዋ ሙዚየም የሆነ) ፊት ለፊቱ ያለው መንገድ የተነጠፈው በእንጨት ጡብ ነው። የሠረገላ ድምፅ ገዥውን እንዳይረብሸው ነው ይባላል። ይህን መንገድ በአስፋልት ለመሸፈን የመጣውን መዳመጫ መኪና የከተማዋ የታሪክ ጸሐፊ ኤውሴቢዮ ሌያል ፊት ለፊቱ ተኝቶ እንዳስቆመው ይነገርለታል።

ፕላሳ ቪዬሃ የሚባለው አደባባይ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። በ1952 ባለሥልጣናቱ አደባባዩን ቆፍረው የመኪና ማቆሚያ ሠሩበት፤ ጣሪያው ከመንገዱ በላይ ከፍ ስላለ በዙሪያው ያሉት ቤቶች የፊት በረንዳዎች ተሸፈኑ። በ1990ዎቹ እድሳት ማቆሚያው ሙሉ በሙሉ ፈርሶ አደባባዩ ወደ ጥንት ከፍታው ተመለሰ። ዛሬ መካከል ላይ ቆሞ ዙሪያውን የሚያይ ሰው እዚያ ኮንክሪት እንደነበረ ሊገምት አይችልም።

ሐሳበ_ብዙ፦
ሁላችሁም የጻፋችሁት ያማረ ነው፤ ነገር ግን የእህታችን ሁለተኛ ጥያቄ ሳይመለስ እየታለፈ ይመስለኛል። እኔ ከፕላሳ ቪዬሃ ሁለት መንገድ ብቻ ወደ ውስጥ ገብቼ ያየሁት ሌላ ከተማ ነው። አንድ የድሮ ባለጸጋ መኖሪያ ለብዙ አባወራ ተከፋፍሎ፣ ደረጃው በእንጨት ተደግፎ፣ ውኃ በባልዲ በገመድ ወደ ላይ እየተጎተተ ይኖሩበታል። ሶላር ይሉታል። ዝናብ ከጣለ በኋላ ፀሐይ ሲወጣ ግድግዳ መደርመሱ በአሮጌው ከተማ የተለመደ አደጋ ነው። የታደሰው ክፍል ከጠቅላላው ስፋት አንጻር ጥቂት ሆኖ ሳለ የጉዞ መጻሕፍት ሃቫና ማለት እርሱ ብቻ እንደሆነ አድርገው ያቀርቡታል። በዚያ ላይ ከቱሪስት የሚገኘው ገንዘብ የማን ኪስ እንደሚገባ መጠየቅ የጎብኚው ግዴታ ነው ባይ ነኝ።

ካብና_ኖራ፦
ወንድሜ ሐሳበ ብዙ፣ የተናገርኸው ሁሉ እውነት ነው፤ ድምዳሜህን ግን አልቀበለውም። አሮጌው ሃቫናና ምሽጎቹ በ1982 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አብሮ አልመጣም። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ደግሞ የነበረውም ደረቀ። በ1993 የወጣው አዋጅ ሌያል የሚመራውን የከተማዋን የታሪክ ጸሐፊ ቢሮ ሆቴልና ምግብ ቤት እያስተዳደረ የሚያገኘውን ገቢ መልሶ በዚያው ሰፈር እድሳት ላይ እንዲያውል ሥልጣን ሰጠው። ሌያል ያንን ገንዘብ በሆቴል ላይ ብቻ አላፈሰሰውም። የቤተልሔም ገዳም ለሰፈሩ አረጋውያን መዋያ ሆነ፣ ለነፍሰ ጡሮች ማረፊያ ተከፈተ፣ ወጣቶች ግንበኝነትና አናጺነት የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተቋቋመ። የሰፈሩን ነዋሪ አስወጥቶ ከተማውን ሙዚየም ማድረግ እንደማይፈልግ ደጋግሞ ይናገር ነበር፤ ምንም እንኳ ቤታቸው ሲታደስ ወደ ከተማ ዳርቻ የተዛወሩ ቤተሰቦች ባይጠፉም።

ጥያቄህ የሚጸናው ከ2016 ወዲህ ባለው ላይ ነው። በዚያ ዓመት የቢሮው ሆቴሎችና መደብሮች ወደ ጦር ኃይሉ የንግድ ድርጅቶች ሥር ተዛወሩ፣ ሌያልም በ2020 ዐረፈ። ገቢና እድሳት የተሳሰሩበት ክር ከዚያ ወዲህ እንደላላ ብዙ ባለሙያዎች ይስማሙበታል። ነገር ግን ፕላሳ ቪዬሃ መድረክ ነው ከተባለ፣ ጠዋት እዚያው አደባባይ ዳር ባለው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ደጃፍ የደንብ ልብስ ለብሰው የሚሰለፉትን ሕፃናት ምን እንበላቸው?

ሐሳበ_ብዙ፦
ሕፃናቱን እኔም አይቻቸዋለሁ፤ እቀበላለሁ። እንግዲያው ምክሬን እንዲህ ላስተካክለው፦ እህት ሰናይት በታደሰው ጎዳና ሲሄዱ በየመስቀለኛው አንድ ጊዜ ወደ ጎን ገባ ብለው ይመለሱ። ያልታደሰውን ሳያዩ የታደሰው ምን ያህል ልፋት እንደጠየቀ አይታወቅም።

ሰናይት_ዘቨርጂኒያ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አባቴ የጋሼ ኢስላን ጽሑፍ ሳነብለት «አዲስ አበባ ባለው ትግላችን ሐውልት ላይ ፎቷቸው ያሉት ኩባውያን መቃብራቸው የት ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝና መልስ አጣሁለት። ሌላው ጥያቄዬ የሕግ ጉዳይ ነው፤ ሁለታችንም የአሜሪካ ዜጎች ነን።

ጓዘ_ቀላል፦
በሕጉ በኩል ያለውን ልመልስ። የአሜሪካ ሕግ ለመዝናናት ብቻ ወደ ኩባ መሄድን አይፈቅድም፤ ከተፈቀዱት 12 የጉዞ ምክንያቶች አንዱን መምረጥ ግዴታ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው «ለኩባ ሕዝብ ድጋፍ» የሚለውን ነው። ይህም ማለት በግለሰብ ቤት ማደር፣ በግል ምግብ ቤት መብላት፣ የግል አስጎብኚ መቅጠርና የየቀኑን ፕሮግራም ከነደረሰኙ መዝግቦ መያዝ ማለት ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ክልክል ያላቸው ሆቴሎች ዝርዝር ስላለ ከመሄዳችሁ በፊት እርሱን ተመልከቱ። የአሜሪካ ባንክ ካርድ እዚያ አይሠራም፤ ለቆይታችሁ የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ግድ ነው። በአውሮፓ ፓስፖርት ያለ ቪዛ ወደ አሜሪካ የምትገቡ አንባቢዎች ደግሞ ከጃንዋሪ 2021 ወዲህ ኩባን ከጎበኛችሁ ያ መብት ስለሚቋረጥ ቪዛ ማመልከት እንዳለባችሁ እወቁ። መብራት በየጊዜው ይጠፋል፤ በ2024 ጥቅምት ላይ ደሴቱ በሙሉ ጨልሞ ነበር። የእጅ ባትሪና የአባትዎን መድኃኒት በበቂ መጠን ይያዙ፤ መድኃኒት እዚያ እገዛለሁ ብሎ መሄድ አይቻልም።

ኢስላ_71፦
ልጄ፣ የአባትሽ ጥያቄ የሚገባ ነው። በኦጋዴን የወደቁት ኩባውያን መጀመሪያ የተቀበሩት እኛው አገር ነበር። በኋላ በአንጎላ፣ በኢትዮጵያና በሌሎች አገሮች የሞቱት ሁሉ ዐፅማቸው ወደ ኩባ ተመልሶ ዲሴምበር 7 ቀን 1989 በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን፣ እያንዳንዱ በየወረዳው መካነ መቃብር ዐረፈ። ዋናው ሥነ ሥርዓት የተፈጸመው ከሃቫና በስተደቡብ ኤል ካካዋል በሚባለው ኮረብታ፣ የነጻነት ጦር ጄኔራሉ አንቶኒዮ ማሴዮ በተቀበረበት ስፍራ ነው፤ ቀኑም ማሴዮ በ1896 የወደቀበት ቀን ስለሆነ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነበር። በታክሲ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው፤ ጎብኚ የማይበዛበት ጸጥተኛ ቦታ ስለሆነ አባትሽ ይወደዋል።

ወደዚያ ባይመቻችሁ በከተማው ውስጥ የኮሎን መካነ መቃብር አለ። የእብነ በረድ ሐውልት የሞላበት፣ መንገዶቹ እንደ ከተማ የተቀየሱ፣ ለጉልበተ ደካማም የሚመች ሜዳ ነው። እዚያ በ1901 በወሊድ የሞተችው የአሜሊያ ጎይሪ መቃብር ዘወትር አበባ አያጣም። ሰዎች መጥተው የመቃብሩን የብረት ቀለበት ያንኳኳሉ፣ ልመናቸውን ይነግሯታል፣ ሲሄዱም እኛ ከታቦት ፊት እንደምናደርገው ጀርባቸውን ሳይሰጡ ወደ ኋላ እየተራመዱ ይወጣሉ።

ስለ ካፒቶሊዮ ማንም ሳያነሣ ቀረ። በ1929 የተመረቀ፣ ጉልላቱ ከ90 ሜትር በላይ የሆነ የምክር ቤት ሕንፃ ነው፤ በቅርቡ ታድሶ ጉልላቱ በወርቅ ተለብጧል። የአገሪቱ መንገዶች ርቀት የሚለካበት ነጥብ ላይ የተተከለው አልማዝ በ1946 ተሰርቆ በቀጣዩ ዓመት ፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛ ላይ ተገኘ። ሌባው ማን እንደነበር ኩባውያንን ብትጠይቂ እያንዳንዱ የራሱ መልስ አለው።

ሰናይት_ዘቨርጂኒያ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ ስለ ዲሴምበር 7 ሲሰማ ኤል ካካዋል መሄዱ እንደማይቀር ነግሮኛል። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለመድፉ ወደ ካባኛ የምንሻገረው በምንድን ነው? በእግር ይቻላል?

ኢስላ_71፦
በእግር አይቻልም። ከወደቡ ሥር የሚያልፈው በ1958 የተከፈተው መሿለኪያ ለተሽከርካሪ ብቻ ነው። ያላችሁ ምርጫ ሁለት ነው። በቀን ከሆነ ከአሮጌው ከተማ ዳርቻ ወደ ካሳብላንካ የምትሻገረውን ጀልባ ያዙ፤ ኩባውያን ሥራ የሚሄዱባት ስለሆነች ዋጋዋ ኢምንት ነው። ከማዶው ወደ ላይ 20 ሜትር የሚሆነው ነጭ የክርስቶስ ሐውልት ይታያችኋል፤ ሂልማ ማዴራ የተባለች ቀራፂ ሠርታው የተመረቀው በአብዮቱ የወደቀው አምባገነን ባቲስታ ከመሸሹ ጥቂት ቀናት በፊት ነው። ከዚያ ወደ ካባኛ ያለው መንገድ አቀበት ስለሆነ ለአባትሽ ጉልበት አይሆንም። ለመድፉ ግን ከአሮጌው ከተማ ታክሲ ያዙና ከመሳፈራችሁ በፊት የመሄጃውንም የመመለሻውንም ዋጋ ተነጋገሩ፤ ሾፌሩም እዚያው እንዲጠብቃችሁ አድርጉ። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ጎብኚ በአንድ ጊዜ ስለሚወጣ ያልተነጋገረ ሰው በር ላይ ቆሞ እጥፍ ይከፍላል። ምሽጉ ውስጥ መሬቱ ኮብልስቶን ነው፣ መብራቱም ደካማ ነው፤ አባትሽ ምርኩዝ ካላቸው ይያዙት። ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፤ መድፉ ያለበት የግንቡ ጠርዝ ቶሎ ይሞላል። ከተማዋን ማዶ ለማዶ ለማየት ደግሞ ከመድፎቹ በስተቀኝ ያለው ጥግ ይሻላል።